«ጨብጠው ብቻ ይያዙት» ያሉት ማሽን እናቴን ድንገተኛ ክፍል አስገባት። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያግደው ማነው?

የልደታዋ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 14 ዓመት አልፏል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም። ፍሪጁ በር ላይ መርፌዋን የምታስቀምጥበትን ቦታ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። እንዲህ ያለች ሰው ናት።

ባለፈው ወር አንዲት የዕድር ጓደኛዋ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ሕንፃ ወሰደቻት። አራተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ቢሮ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ «ጨብጠው ብቻ ይያዙት» ብሎ አንድ የብረት ዘንግ ሰጣት። ዘንጉ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዟል። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቁመቷንና ክብደቷን ጠይቆ አስገባ። አንድ ደቂቃ ያህል ጨበጠች፣ አለቀ። 34 ገጽ ወረቀት አትሞ ሰጣት። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ አጥንት፣ ካልሲየም፣ ዚንክ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። «ቆሽትዎ አገግሟል። አሁን የሚጎዳዎት መርፌው ነው» አሏት። የ7,500 ብር ዱቄትም ሸጡላት።

እናቴ አልነገረችኝም። ልታስደስተኝ ፈልጋ ነው። «ሲሻለኝ እነግራታለሁ ብዬ» አለችኝ በኋላ። መርፌውን አቆመች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ሌሊቱን ውሃ ስትጠጣ ነው ያደረችው። አስመልሷታል። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። በቤት መለኪያ ለካኋት። ቁጥር አልሰጠኝም፣ «ሃይ» ብሎ ጻፈ። መለኪያው ከሚያነበው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ታክሲ እንዴት እንዳገኘሁ አላስታውስም። አምስት ቀን ተኛች። ዛሬ ቤቷ ናት፣ ተመስገን።

ማሽኑ አላቃጠላትም። አልቆረጣትም። የጎዳት ያተመላት ወረቀት ነው።

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። የማሽኑን ስም ጠየቅኩ። «ኳንተም ነው» አሉኝ። ሣጥኑን ገልብጬ አየሁት። የፋብሪካ ስም የለውም፣ የተሠራበት አገር የለውም፣ ቁጥር የለውም። «እኛ አናክምም፣ ምክር ነው የምንሰጠው» አሉ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ሰባት ሰው ተራ ይጠብቃል። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው።

የምታውቁ ንገሩኝ። ይህ ነገር በሕግ የሕክምና መሣሪያ ነው ወይስ አይደለም? የሚያግደው ማነው? ብናገርስ የሚሰማኝ አለ?

ካዛንቺስ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከልቤ ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። አክስቴ እንዲህ ያለ ቦታ ተለክታ «ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ» ተብላ ደህና ሆናለች። ጥፋቱ «መርፌ አቁሚ» ያለው ሰው እንጂ የማሽኑ አይመስለኝም። ደግሞ እዚህ አገር እገዳ ሲባል የሚጠፋው መጥፎው ዕቃ ብቻ አይደለም። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ተክለሃይማኖት በእግሬ የዞርኩበትን ቀን አልረሳውም። ያለውንም እንዳናጣ እፈራለሁ።

ባዮሜዲካል ጥገና | ሰኞ፣ ማታ 3፡50

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን አተረፈልሽ። እኔ የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ያልሽውን ዓይነት ማሽን ከፍቼ አይቼዋለሁ። አንድ ዘመዴ «ተበላሸብኝ» ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። ውስጡ አንድ ትንሽ ቦርድ፣ ጥቂት መብራትና የዩኤስቢ መሰኪያ ነው ያለው። ዘንጉ ቢበዛ ሊለካ የሚችለው መዳፍ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ ነው። እጅ ሲያልብ ይጨምራል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል። በቃ። ከዚያ ተነስቶ ስለ ቆሽት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በራሴ ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ ትክክለኛ ዕድሜዬን 38 ብዬ አስገባሁ። ቀጥሎ 70 አልኩት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አጥንቴ ሳስቷል፣ ልቤ ደክሟል። ሦስተኛ ጊዜ ዘንጉን ማንም ሳይጨብጠው በእርጥብ ፎጣ ጠቀለልኩት። ለፎጣውም የጉበትና የኩላሊት ውጤት ወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ የገባውን ሰው ሁሉ አስባለሁ።

የስኳር መለኪያ እንዴት እንደሚሠራ እዩና አነጻጽሩት። ስትሪፑ ላይ ኢንዛይም አለ። የደም ጠብታው ሲነካው ከስኳሩ ጋር ይዋሐዳል፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ስኳሩ በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩም ይበዛል። የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ ለማወቅ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የተጣበቀው ስኳር ይለካል፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው። በሁለቱም መንገድ ደም መቀዳት አለበት። ሳይወጋ፣ ሳይቀዳ፣ በአንድ ደቂቃ ሁሉንም የሚነግራችሁን ነገር ተጠንቀቁት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አልበርት አብራምስ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪም ከአንድ ጠብታ ደም በሽታን ሁሉ ይለያል የተባለ ሣጥን ነበረው። አንድ ሐኪም የዶሮ ደም ላከለት። ወባ፣ ካንሰር፣ ስኳርና የአባላዘር በሽታ አለበት የሚል መልስ መጣ። ለሐኪሞች የሚያከራየውን የማከሚያ ሣጥንም «አልከፍተውም» ብለው ፈርመው ነበር የሚወስዱት። ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ወራት የፈጀ ምርመራ አድርጎ በ1924 ዋጋ የሌለው ነገር መሆኑን አወጣ። አንቺም ሣጥኑን ገልብጠሽ ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶ አንስተሻል?

የልደታዋ | ሰኞ፣ ማታ 4፡10

አንስቻለሁ። ወረቀቱም አለኝ፣ 34ቱም ገጽ። ስሟን ሸፍኜ ሁለት ገጽ ከታች ለጥፌያለሁ፣ የአጥንቱንና የቆሽቱን።

ሕግ አራት ኪሎ | ሰኞ፣ ማታ 4፡45

ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለ፣ ብንለያቸው ይሻላል።

የመጀመሪያው፦ ዕቃው የሕክምና መሣሪያ ነው ወይ? ሕግ ይህን የሚወስነው በዕቃው መልክ አይደለም። ለምን ዓላማ ቀረበ የሚለውን ነው የሚያየው። የብረት ዘንግ የብረት ዘንግ ነው። «በሽታ ይለያል» ተብሎ ለሰው ከቀረበ ግን የሕክምና መሣሪያ ይሆናል። «ምክር ነው» ማለት አያድናቸውም፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ራሱ ስለ ቆሽትና ስለ ኩላሊት ይናገራል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሕክምና መሣሪያንም ይሸፍናል። ደኅንነቱ፣ ጥራቱና ፈዋሽነቱ ታይቶ ያልተመዘገበ መሣሪያ ወደ አገር መግባትም ለገበያ መቅረብም የለበትም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ሁለተኛው እገዳ ነው። ያልተመዘገበ ዕቃ እስኪታገድ አይጠበቅም። ከመጀመሪያውም ፈቃድ የለውም፣ መያዝ ነው ያለበት። እገዳ የሚባለው በሕጋዊ መንገድ ገብቶ፣ ተፈቅዶ፣ ሰው ላይ ሲውል ጉዳት የታየበት መሣሪያ ላይ ሲሆን ነው። ያኛው ከባድ ሥራ ነው፣ ማስረጃ ይፈልጋል።

ስለዚህ አንቺ ማሳየት ያለብሽ ማሽኑ መጥፎ መሆኑን አይደለም። መመዝገቡን እነሱ ያሳዩ።

ሲስተር ስድስት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ከአዳር ሥራ አሁን መውጣቴ ነው። ሌሊት በስልኬ እያነበብኩት ነበር። ልጄ፣ ትንፋሿ ፍራፍሬ ሸተተኝ ብለሽ ወዲያው ይዘሻት መሄድሽ ነው ያተረፋት። ይህን ለሌሎቹም ልንገራቸው። ስኳር ያለበት ሰው ውሃ ጥም ሲበዛበት፣ ሲያስመልሰው፣ ትንፋሹ እንዲህ ሲሸት፣ ሲያቃስት ወይም ሲፈዝ ጠዋት እስኪነጋ አይጠበቅም።

አሁን ደግሞ የኛን ጥፋት ልናገር። 22 ዓመት ነርስ ነኝ። ሥራ ስጀምር የምናጠልቀው ጓንት ሁሉ ዱቄት ነበረው። ቶሎ እንዲገባ ተብሎ የሚነሰነስ የበቆሎ ስታርች ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት እህት ጓንት በከፈተች ቁጥር ታስላለች፣ ደረቷ ያፏጫል። አስም ነው ተብላ ዓመታት መድኃኒት ወሰደች። በኋላ ነው ያወቅነው። ዱቄቱ ጓንቱ የሚሠራበትን የላቴክስ ጎማ ፕሮቲን ተሸክሞ አየር ላይ ይበተናል። አለርጂ ያለበትን ሰው ያፍናል። በቀዶ ሕክምና ቁስል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያስቆጣዋል፣ አንጀትም እርስ በርሱ እንዲጣበቅ ያደርጋል። አሜሪካኖች ዱቄት ያለውን ጓንት ጭራሽ ያገዱት ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ እሷ ሥራ ለቅቃ ነበር።

ለምን ይህን አወራሁ? እኛ ክፍል ውስጥ ስለ እሷ ሳል አንድ ሰው እንኳ አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም። መሣሪያ ሲያስቸግረን አንስተን ጥግ እናስቀምጠዋለን፣ ሌላ እናመጣለን። ካቴተሩ፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ቱቦ፣ ሲቀደድ እንጥለዋለን። መርፌው ሲሰበር እንጥለዋለን። ያ የተጣለው ዕቃ ግን ቁጥር ነበረው። በዚያ ቁጥር የተመረተው ሌላው ሺህ ፍሬ ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ላይ እየዋለ ነው። ሳይጻፍ የሚታገድ ነገር የለም።

ካዛንቺስ ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ሲስተር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሰው ቢጽፍስ ምን ይመጣል? መንግሥት ከፈለገ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ማገድ ይችላል። ስላልፈለገ ነው።

ሕግ አራት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡15

በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ቢሆን ጥሩ ነበር። አቅም ያለው የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ እንኳ በዚህ ጉዳይ ምን እንዳጋጠመው ልንገርህ።

መጀመሪያ ሕጉ ራሱ የመጣው በጉዳት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳልኮን ሺልድ የሚባል ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ ይሸጥ ነበር። ከሥሩ የሚንጠለጠለው ክር ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለነበር ባክቴሪያ እንደ ፋኖስ ክር እየሳበ ወደ ማሕፀን ያስገባ ነበር። ሴቶች ሞቱ፣ ብዙዎች መኻን ሆኑ። ያን ጊዜ መሣሪያ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ደኅንነቱን አሳይ የሚል ሕግ አልነበረም። ሽያጩ በ1974 ቆመ፣ ሕጉ በ1976 ወጣ። የማገድ ሥልጣንም ያኔ ተሰጠ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሥልጣን የታገደው በጣት የሚቆጠር ነው። በ1983 ራስ ቆዳ ላይ የሚተከል ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ ሲስተር ያሉት ጓንት፣ በ2020 ደግሞ ራሳቸውን የሚመቱ ሕሙማንን በኤሌክትሪክ እየነዘረ «ጠባይ ያርማል» የተባለ መሣሪያ። የመጨረሻውን እገዳ በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። መሣሪያው ለሌላ አገልግሎት የተፈቀደ ከሆነ ለአንዱ አገልግሎት ብቻ ለይቶ ማገድ በሐኪሞች ሥራ ጣልቃ መግባት ነው አለ። ኮንግረሱ በ2022 መጨረሻ ሕጉን እስኪያሻሽለው ድረስ የተቆጣጣሪው እጅ ታስሮ ቆየ። ያ መሣሪያ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ጭምር ሲውል የኖረ ነው።

ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ዕቃው ይቀጥላል። ፋይሉን የሚሞላው ደግሞ የተጎዳው ሰውና ያየው ባለሙያ ነው።

ጋሽ ቸርችል | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ሜርኩሪ ያለው የግፊት መለኪያ ቤቴ አለኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በትክክል ይለካል። ልጄ «ታግዷል፣ ጣለው» ትለኛለች። እውነት ነው?

ባዮሜዲካል ጥገና | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡40

ጋሼ፣ ልጅዎ ግማሹን ልክ ናት። ሚናማታ ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ ውል አለ፣ ስሙ በሜርኩሪ ከተመረዘች የጃፓን ከተማ የተወሰደ ነው። በውሉ መሠረት የሜርኩሪ ቴርሞሜትርና የግፊት መለኪያ ማምረት፣ ማስገባትና ማስወጣት እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2020 ድረስ እንዲቆም ተወስኗል። ቤትዎ ያለውን ማንም አይነጥቅዎትም። የሚለካውም እውነት ነው፣ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የተማመኑበት እሱን ነው። አደጋው የተሰበረ ቀን ነው። ሜርኩሪው በቤት ሙቀት ይተናል፣ የልጅ ልጆችዎ ይተነፍሱታል።

ብቻ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣሉት። ወደሚታከሙበት ተቋም ይዘውት ሄደው የሚረከብዎት ክፍል ይጠይቁ። እስከዚያ ሕፃን ከማይደርስበት ያስቀምጡት። ድንገት ቢሰበር በመጥረጊያ አይጥረጉት፣ ይበታተናል። መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆቹን ያስወጡ፣ በጠንካራ ወረቀት ጠብታዎቹን ሰብስበው ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ያኑሩ።

በምትኩ ሲገዙ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ይምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጁ ከልብ ትይዩ ካልተያዘ ይሳሳታል። ስትራይድ ቢፒ የሚባል ድረ ገጽ በትክክለኛ ጥናት የተፈተኑትን ሞዴሎች ይዘረዝራል። ልጅዎ ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን እዚያ ትፈልግልዎት።

ጋሽ ቸርችል | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡05

ተባረክ ልጄ። ነገ ይዤው እሄዳለሁ።

ተክለሃይማኖት ዕቃ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

እኔ ነጋዴ ነኝ። የሕክምና ዕቃ እሸጣለሁ፣ ፈቃድ አለኝ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ስለ ነጋዴ ሲወራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በሻንጣ የሚገባ ዕቃ እኛንም እየገደለን ነው። እኔ አንድ መለኪያ ለማስገባት የአምራቹን ሰነድ አቀርባለሁ፣ አስመዘግባለሁ፣ የውጭ ምንዛሪ እጠብቃለሁ። ያኛው በቴሌግራም «ኦሪጅናል ነው» ብሎ በግማሽ ዋጋ ያቀርባል። ደንበኛው ሱቄ መጥቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከሱቄ ወጥቶ ከሱ ይገዛል። ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ ወደኔ ይዞት ይመጣል። ያለ ደረሰኝ ለተገዛ ዕቃ ማን ይከሰሳል?

ስትገዙ እባካችሁ ገልብጡ። የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ ሞዴሉ፣ የምርት ወይም ሎት ቁጥሩ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ነገር ከሆነ ቀኑ ይኑር። ስትሪፕ ከሆነ ክዳኑ ሳይከፈት የቆየ መሆኑን እዩ። እርጥበት ያበላሸዋል፣ ውጤቱ ይሳሳታል።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት ልናገር። ሲኢ የሚለው፣ ዕቃው የአውሮፓን መስፈርት ያሟላል የሚባልበት ምልክት ብቻውን አይበቃም። ፈረንሳይ ውስጥ ፒአይፒ የሚባል ድርጅት የጡት ማስተከያ ይሠራ ነበር። ምልክቱ ነበረው። መርማሪዎቹ ቀን ቆርጠው፣ አስታውቀው ነበር የሚሄዱት። ውስጡ የሞላው ግን ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ተይዞ ተዘጋ። በብዙ አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሰውነት ውስጥ ገብቶ ነበር። መሥራቹ በ2013 አራት ዓመት ተፈረደበት። ነገሩ መውጣት የጀመረው የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች «ይህ ዕቃ ከሌላው አብልጦ ይቀደዳል» ብለው ስላሳወቁ ነው።

ካዛንቺስ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

እሺ፣ ስለ ሐሰተኛ ዕቃ ተስማማን። ግን ድሃው ምን ያድርግ? ጥሩው መሣሪያ ውድ ነው። ወረፋው ወራት ነው። በ300 ብር ተለክቶ አንድ ነገር ማወቅ ምንም ካለማወቅ ይሻላል ብሎ ነው የሚሄደው። ከምንም ይሻላል።

ፋርማሲስት ፒያሳ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡25

ወንድሜ፣ «ከምንም ይሻላል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው በልቷል። የቲቢውን ነገር ልንገርህ።

ለዓመታት ሕንድን ጨምሮ በብዙ አገር የግል ላቦራቶሪዎች ቲቢን ደም ውስጥ ባለ ፀረ እንግዳ አካል፣ ሰውነት በሽታን ለመከላከል በሚሠራው ነገር፣ ይመረምሩ ነበር። ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ አክታ አይፈልግም። ችግሩ ውጤቱ የሚታመን አልነበረም። ሕመም የሌለበትን ሰው ቲቢ አለብህ ይላል፣ ሰውየው ስድስት ወር ከባድ መድኃኒት ይውጣል። የታመመውን ነጻ ነህ ይላል፣ እሱም ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ያስይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በጁላይ 2011 ሳያመቻምች «አትጠቀሙበት» አለ። ለቲቢ ምርመራ እንዲህ ያለ ምክረ ሐሳብ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። ያኔ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ዓይነት ምርመራ ይደረግ ነበር፣ ያውም አንዳንዱ እስከ 30 ዶላር እየተከፈለበት። ሕንድ በ2012 ማምረቱንም፣ ማስገባቱንም፣ መሸጡንም፣ መጠቀሙንም አገደች።

የሚከፍለው ድሃው ነበር። የአክታ ምርመራ ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሠራለት ነበር።

የልደታዋ እናትም እኮ ምንም አልጎደላቸውም ነበር። ኢንሱሊን አላቸው፣ ክትትል አላቸው፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ መለኪያ አላቸው። ማሽኑ ባይኖር ኖሮ «ምንም» ላይ አይወድቁም ነበር። ካላቸው ነገር ነው ያስወጣቸው።

ሲስተር ስድስት ኪሎ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

ፋርማሲስቱ ያለው እውነት ነው። ሌላ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ቤት የገባ ዕቃ ነው። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ያልገዛ የለም። ይህኛው እውነተኛ መሣሪያ ነው፣ ነፍስ ያድናል። ግን ሥራው ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ማንበብ ነው። የቆዳ ጥቁረት ብርሃኑን ይሻማዋል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2020 መጨረሻ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት አለ። መለኪያው ኦክስጅናቸውን ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ፣ ደማቸው ከደም ቧንቧ ተቀድቶ ሲመረመር ግን ከ88 በመቶ በታች የሆኑትን ቆጠሩ። ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ። ሦስት እጥፍ ነው። ያነበብኩ ቀን የማስባቸው ሰዎች ነበሩኝ። መለኪያው 94 እያለ ከንፈራቸው የጠቆረ፣ አረፍተ ነገር መጨረስ ያቃታቸው። እኔ ቁጥሩን አምኜ ወደ ሌላው አልጋ ያለፍኳቸው። አሁን ፊታቸውን ነው ቀድሜ የማየው።

ኤፍዲኤ በጃንዋሪ 2025 አምራቾች በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ በደንብ እንዲፈትኑ የሚጠይቅ ረቂቅ አውጥቷል። ይህን ዕቃ ማንም ይታገድ አላለም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ፣ ቆዳችን ጠይም በሆነበት አገር፣ አስቀድሞ ተጽፎ መውጣት ነበረበት እላለሁ።

የልደታዋ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡15

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ትናንት በምሳ ሰዓት 8482 ደወልኩ፣ የባለሥልጣኑ ነጻ መስመር ነው። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የተጠየቅኩትን ልጻፍላችሁ፣ ለሌላውም ይጠቅማል። የዕቃው ስም፣ ሞዴልና ቁጥር። የት ቦታ፣ መቼ። ምን ተባለ። ምን ጉዳት ደረሰ፣ የት ታከመች። ማስረጃ አለ ወይ። ፎቶውም፣ ወረቀቱም፣ የሆስፒታሉ መውጫ ካርድም ስለነበረኝ ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። ዱቄቱንም አልጣልኩትም፣ ከነማሸጊያው አለ። በጽሑፍ አዘጋጅቼ ዛሬ አስገባሁ። ሱቆችንና ጤና ተቋማትን የሚያየው የከተማው ቁጥጥር ስለሆነ ለዚያም አንድ ቅጂ ሰጠሁ። ሁለቱም ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም አስመታሁ።

ከባዱ ይህ አልነበረም። ከባዱ እናቴ ናት። ታፍራለች። «የዕድር ሰው እንዳይሰማ» ትላለች። ያች የወሰደቻት ጓደኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም፣ በሰርጌ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ስትሠራልን የከረመች ናት። ትናንት ማታ ቤታችን መጥታ አለቀሰች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እኔ እናትሽን ብቻ አይደለም የወሰድኩት። ዘጠኝ ነን።»

ዘጠኝ። ሦስቱ ስኳር አለባቸው። አንዷ ኩላሊት። ዛሬ አብረን ስልክ ስንደውልላቸው ዋልን። አንዷ ከኪኒኖቿ አንዱን ትታለች፣ ልጇ ወዲያው ወደ ሐኪሟ ወስዷታል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። አምስቱ ወረቀቱን አልጣሉትም።

ሕግ አራት ኪሎ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

ያንቺ አንድ አቤቱታ ነው። አምስት ወረቀት ሲጨመርበት ግን ልማድ መሆኑን ያሳያል። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስም ይጻፉ። ማረም ካስፈለገ እኔ አግዛለሁ፣ ክፍያ የለውም። አንድ አደራ ግን አለኝ። የቢሮውን ስም፣ የልጁን ፎቶ፣ ሕንፃውን እዚህም ቲክቶክም ላይ እንዳትለጥፉ። ዕቃውን አንስተው ቦታ ይቀይራሉ፣ መርማሪው ሲደርስ ባዶ ክፍል ነው የሚያገኘው።

ካዛንቺስ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡30

ከሰኞ ጀምሮ ስከራከር ነበር። ዛሬ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ወረቀቷን አወጣችልኝ። 34 ገጽ። የልደታዋ ከለጠፈችው የአጥንት ገጽ ጎን አስቀመጥኩት። አክስቴ 60 ዓመቷ ነው፣ ቁመታቸውም የሚቀራረብ ይመስለኛል። ቁጥሮቹ ሊመሳሰሉ ምንም አልቀራቸው። ከሥር ያለው ማብራሪያ ቃል በቃል አንድ ነው። የፊደል ስሕተቱም አንድ ነው።

ከዚያ የግፊት ኪኒኗን ጠየቅኳት። «ተሽሎኝ የለ፣ ግማሽ እያደረግኩ ነው የምወስደው» አለችኝ። እነሱ ናቸው ወይ ያሉሽ ስላት «ወረቀቱ ላይ ልቤ አረንጓዴ ነው» አለች። ጎረቤት ካለው መለኪያ ለካኋት። 178 በ104። አረፍ አድርጌያት ደግሜ ለካሁ። 174 በ102።

የልደታዋ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ወረቀቱን ላመጣልሽ?

ሲስተር ስድስት ኪሎ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡42

ልጄ፣ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል ካለባት ጠዋት አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ውሰዳት። ምንም ከሌለባት ነገ በጠዋት ሐኪሟ ጋ አድርሳት። ለማካካስ ብላ ሁለት እንዳትውጥ። ኪኒኖቹን ከነፓኬታቸው ይዛችሁ ሂዱ።

ካዛንቺስ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡50

ምንም አይሰማትም፣ ጠይቄያታለሁ። እዚሁ አድራለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት እንወጣለን።

የልደታዋ | ሐሙስ፣ ማታ 5፡05

ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም ወንድሜ። መጀመሪያ አክስትህን አድርስ። ወረቀቱ ይደርሳል።

ቅዳሜ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው ካፌ እሆናለሁ፣ እናቴም ትመጣለች። ሕግ አራት ኪሎም እገኛለሁ ብሎኛል። ወረቀት ያላችሁ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ኑ፣ ኮፒው እዚያው ይነሳል፣ ኦሪጅናሉ ይመለስላችኋል። ደረሰኝ የሰጧችሁ ካላችሁ እሱንም። የተለካችሁበትን ቀን ከመምጣታችሁ በፊት ጠርዙ ላይ ጻፉበት።